የጳጉሜ ስኳር

ነሐሴ 21

ነገሩን የጀመረችው ልጄ ናት። ሰባት ዓመቷ ነው። ስልኬን ስትነካካ አንድ ቪዲዮ አገኘች። የጁስ ብርጭቆ ነው፤ አፉ ዙሪያውን ሮዝ ስኳር ለብሷል። "ለእንቁጣጣሽ እንደዚህ አድርጊልኝ" አለችኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ብዙም ሳላስብ "እሺ" አልኳት። እሷ ደግሞ እሺን አትረሳም። ማታ ወረቀት ይዛ መጣች። የምትፈልጋቸውን ቀለሞች ቀብታ ሰጠችኝ፦ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ።

መስከረም 1 ከሰዓት በኋላ ዘመድ እኛ ጋ ይሰበሰባል። ሃያ ሰው ገደማ ነው፤ ግማሹ ልጅ። ስለዚህ ሥራዬ ስኳር ማቅለም፣ በእሱ ቦምቦሊኖና ብስኩት ማስጌጥ፣ ከዚያ የብርጭቆ አፍ ማልበስ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ባለቀለም ስኳር የኬክ ዕቃ ሱቆች ጋ አለ። ብልቃጧ ትንሽ ናት፣ ዋጋዋ ትልቅ። ቤት ውስጥ እሠራዋለሁ ብያለሁ። የሆነውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ፤ የዛሬ ዓመትም ያው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ነሐሴ 22

የመጀመሪያው ሙከራ። 200 ግራም ስኳር ጎድጓዳ ሳህን ላይ አደረግኩ። ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ ቀይ የምግብ ቀለም ነበረኝ፤ ፈሳሹ ዓይነት። ጠብ ጠብ አደረግኩበት። አልደምቅ አለኝ። ጨመርኩ። አሁንም ጨመርኩ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ሳይገባ አልቀረም። መልኩ እንደ እርጥብ አሸዋ ሆነ። ትሪ ላይ አስጥቼው ተኛሁ።

ጠዋት ትሪው ላይ ኮብልስቶን ጠበቀኝ። በሙቀጫ ወቀጥኩት። ዱቄት ሆነ። ቀለሙ ሮዝ ነው፣ ግን ድንግዝግዝ ያለ። ምንም አያብለጨልጭም።

እማዬ አየችውና "ውሃ አጠጣሽው እኮ" አለች። እማዬ ያደገችው ወንጂ ነው። አባቷ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነበር የተቀጠሩት። ስለ ስኳር ስትናገር እኔ ዝም ብዬ መስማት ነው ያለብኝ።

ነገሩን ቁጭ ብዬ ሳስበው ሒሳቡ ቀላል ነው። በቤት ሙቀት 100 ሚሊ ሊትር ውሃ 200 ግራም ያህል ስኳር ያሟሟል። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ማንኪያ 10 ግራም ስኳር ትበላለች። ክፋቱ ደግሞ መብላት የምትጀምረው ከላይ ነው። የስኳር ቅንጣት የምታብለጨልጨው ጠፍጣፋ ገጽና ስለት ጠርዝ ስላላት ነው። ውሃው መጀመሪያ ያንን ጠርዝ ያሟሽሻል። ሲደርቅ ደግሞ የሟሟው ክፍል እንደ ሙጫ ሆኖ ቅንጣቶቹን ያጣብቃቸዋል። ኮብልስቶኑ የመጣው ከዚያ ነው።

ነሐሴ 24

እማዬ ስኳሩን መዳፏ ላይ በተን አድርጋ ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረገችው። "ይሄ ግማሹ ብናኝ ነው" አለች። "ንፊው።"

በዱቄት ወንፊት አንድ ኪሎ ነፋሁ። እውነቷን ነው። ከታች ብዙ ደቃቅ ወረደ። ከላይ የቀረው ግን እኩል እኩል የሆነ፣ ጎላ ጎላ ያለ ቅንጣት ነው። ደቃቁ ለሻይ ሄደ። ደቃቁ ቀለሙን ቀድሞ ይጠጣና ደማቁን ቅንጣት ያለብሰዋል፤ ትናንት የደነገዘብኝ ግማሹ በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ትምህርት ከልጄ መጣ። ሰማያዊውን አሁኑኑ ካልሠራሁ አለች። ጄል ከለር ገዝቼ ነበር፤ ወፍራሙ፣ በትንሽ ቱቦ የሚመጣው። ውሃው ጥቂት ነው። በስቴኪኒ ጫፍ ነካ አድርጌ 100 ግራም ስኳር ያለበት የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገባሁ። አፉን ቋጥሬ ለልጄ ሰጠኋት። እሽት፣ ንቅንቅ፣ እንደገና እሽት። ይሄ የሥራው ምርጥ ክፍል ነው፤ ልጅ ያላችሁ ለልጅ ስጡት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እኩል ቀለም ያዘ።

ችግሩ ቀለሙ ነው። "ይሄ ሰማያዊ አይደለም፣ አረንጓዴ ነው" አለችኝ፤ አለቀሰች ማለት ይቀላል። አየሁት። ወደ አረንጓዴ ያደላል። ስኳራችን ነጭ ይመስለናል እንጂ ነጭ ወረቀት ላይ ሲበተን ቢጫነት አለው። ቢጫ ላይ ሰማያዊ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አፀደ ሕፃናት ተምረነዋል። ሮዝና ቢጫ ላይ አይታወቅም፤ ሰማያዊ ግን ያጋልጠዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። ለሰማያዊው ብቻ የነጣ፣ የተጣራ ስኳር መፈለግ፤ ወይም ሰማያዊን መተውና ይሄንኑ አረንጓዴ ብሎ መጥራት። ሁለተኛውን መረጥኩ። ትንሽ ቢጫ ጄል ነካ ሳደርግበት እንደ አዲስ ሣር ሆነ። ሰማያዊ ለገና ይደረጋል ተብሎ በሽምግልና ተፈታ።

ነሐሴ 26

መርካቶ። ቀለም ልገዛ ሄጄ ጽሑፍ ሳነብ ዋልኩ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሚያብረቀርቅ ወርቃማና ብርማ ብናኝ ይሸጣል። ብልቃጡ ላይ በእንግሊዝኛ "መርዝ የሌለው" ብሎ የተጻፈበት አለ። ያ ማለት የሚበላ ማለት አይደለም። ክራዮንም መርዝ የለውም፤ ግን ኬክ ላይ አንፈገፍገውም። የሚበላ ከሆነ "የሚበላ" ይላል፣ የተሠራበትንም ይዘረዝራል። ዝርዝር የሌለውን መልሼ አስቀመጥኩ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሮቹ። ኢ102፣ ኢ110፣ ኢ129 የሚሉትን ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለሞች ብዙ ብልቃጥ ላይ ታገኛላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህ ያሉበት ምግብ የልጆችን እንቅስቃሴና ትኩረት ሊያውክ ይችላል የሚል ማሳሰቢያ እንዲጻፍበት ይገደዳል። እኔ በአንድ ቀን ቦምቦሊኖ ልጅ ይታመማል ብዬ የምፈራ ሰው አይደለሁም። ግን የእኛ ቤት ልጆች ያለ ቀለምም ትኩረት የላቸውም። ቢጫውንና ሮዙን ከጓዳ ላውጣ ብዬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ባዶ እጄን እንኳ አልልም፤ እርድ፣ ቀይ ስርና ከርከዴ ገዝቻለሁ።

ነሐሴ 28

ቀይ ስር። ፈቅፍቄ በነጠላ ጨርቅ ጨመቅኩ። (ጨርቁ ሞቷል። አሮጌ ተጠቀሙ።) ጭማቂው ያምራል፤ ግን ያው ውሃ ነው። ስለዚህ ማሳነስ አለብኝ። በቀጥታ እሳት ላይ ብጥደው ቀለሙ ቡናማ ይሆናል፤ የቀይ ስር ቀለም ኃይለኛ ሙቀት አይችልም። ስለዚህ የፈላ ድስት አፍ ላይ ሳህን አስቀምጬ ጭማቂውን እሱ ውስጥ አፈሰስኩ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚበልጥ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው፤ ለስላሳ እሳት ፈልጌ ከተማዬ ራሷ ረዳችኝ። ጥቂት የሎሚ ጠብታ ጨመርኩ፤ ኮምጣጣ ውስጥ ቀይነቱ ይቆያል። አራት የሾርባ ማንኪያ የነበረው አንድ እስኪሆን ጠበቅኩ። ወፈር ብሎ ሽሮፕ መሰለ።

ከዚያ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ለ200 ግራም ስኳር። ከረጢት፣ እሽት፣ ትሪ። ደማቅ ሮዝ። የአፈር ሽታ ትንሽ አለው፤ ሲደርቅ ይጠፋል።

ነሐሴ 29

እርድ አሸነፈኝ፤ ከዚያ አሸነፍኩት።

ዱቄቱን ከስኳሩ ጋር ዝም ብዬ ቀላቀልኩ። ከታች ዘቀጠ፤ ስኳሩ አቧራ የለበሰ መሰለ። በውሃ በጥብጬ ሞከርኩ። ነጠብጣብ ሆነ። የእርድ ቀለም ውሃ አይወድም። ዘይትና አልኮል ውስጥ ግን ይለቃል። ዘይት ስኳሩን ያላቁጠዋል። የቀረው አልኮል ነው።

ከፋሲካ የተረፈ አረቄ ነበረን። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ በአንድ የሾርባ ማንኪያ አረቄ ዘፈዘፍኩ። እማዬ ጓዳ ገብታ ሸተታት። "ለልጆቹ ነው?" አለች። "ይተናል እኮ እማዬ።" "ስካሩስ?" "እሱም።" አላመነችኝም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዝቃጩ ከታች ቀረ። ከላይ ያለው እንደ ወርቅ ነው። በጨርቅ አጥልዬ አንድ የሻይ ማንኪያ ለ200 ግራም ስኳር ሰጠሁት። አረቄ ውስጥም ውሃ አለ፤ ግን አልኮሉ ስኳር ስለማያሟሟ ቅንጣቶቹ ጠርዛቸውን አላጡም። ቶሎ ደረቀ። ጠዋት ሽታው የለም። ከሁሉም ያብለጨለጨው ይሄ ነው። የአደይ አበባ ቢጫ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ልጄ በትንሽ ብልቃጥ ቆጥራ ወሰደችና መስኮቷ ላይ አስቀመጠች። ተውኳት።

ነሐሴ 30

ከርከዴ ደግሞ ደግ ነው። ውሃም አረቄም አልጠየቀኝም። ደረቁን አበባ በቡና መፍጫ ፈጨሁ፣ ነፋሁ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለ200 ግራም ስኳር ጨምሬ ነቀነቅኩ። በቃ። ሲጀመር ፈዛዛ ይመስላል፤ እርጥብ ነገር ሲነካው ግን ቀይ ይፈነዳል። ጣዕሙ ኮምጠጥ ይላል። የብርጭቆ አፍ ላይ የሚሄደው ይሄ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ።

ቆስጣም ሞከርኩ። ጎመን ጎመን ሸተተ። ተዘለለ።

ጳጉሜ 1

የብስኩት ሙከራ። ሊጡ ላይ ቀለሞቹን ሁሉ በረድፍ ነስንሼ ኦቨን አስገባሁ፤ 170 ዲግሪ፣ 12 ደቂቃ።

የወጣው ትርኢት ነው። ቀይ ስሩ ቡናማ ሆኗል። የእርዱ ቢጫ ላይ እንደ ዝገት ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ። ከርከዴው ዳር ዳሩን አመድማ ሰማያዊ ሆኗል። ጄሉ አረንጓዴ ብቻ እንደገባ ወጣ።

የቀይ ስሩን ጠብቄው ነበር። የሌሎቹ ጥፋት የኔ ነው፤ ሊጡ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ አብዝቻለሁ። ሶዳ ኮምጣጣን ያጠፋል። እርድ ሶዳ ሲያገኝ ይቀላል። ከርከዴ ኮምጣጣውን ሲያጣ ከቀይ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሸሻል። ትምህርት ቤት ውስጥ በወረቀት ያሳዩን የነበረውን እኔ በብስኩት አየሁት።

ስለዚህ ብስኩቱ ተጋግሮ፣ ቀዝቅዞ ነው የሚጌጠው። የዱቄት ስኳር በሎሚ ጭማቂ ወፈር አድርጌ በጠበጥኩ፣ ቀባሁ፣ ሳይደርቅ ባለቀለሙን ስኳር ነሰነስኩ። ሁሉም ቀለማቸውን ጠበቁ። ሎሚው ከርከዴውን እንዲያውም አደመቀው።

እማዬ የጳጉሜን ጾም ይዛለች። የፈቃድ ጾም ነው፤ ማንም አላስገደዳትም። ስለዚህ ቀማሽ የለኝም። ባለቤቴ ሁሉንም "አሪፍ ነው" ይላል፤ እሱ አይቆጠርም።

ጳጉሜ 2

መብራት ጠፋ። ምንም አልተሠራም።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ተቀደደ። የሰፈር ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ዝናብ ውስጥ ይጮሃሉ፤ የኔዋም መሐላቸው አለች። እማዬ በረንዳ ላይ ጎድጓዳ ሳህን አውጥታ ጠበል ታጠራቅማለች። ለሰው በረከት ነው። ለስኳር ግን መዓት ነው።

ሦስቱም ትሪዎች አየሩን ጠጥተዋል። ቀይ ስሩ እጅ ላይ ይጣበቃል። ከርከዴው ከሁሉ የባሰ ነው፤ ዱቄቱ ራሱ እርጥበት ይስባል፣ ጓል ጓል ሠርቷል። ኦቨኑን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፈርቼዋለሁ፤ የኛ ኦቨን ዝቅተኛው እንኳ ለቀይ ስር ብዙ ነው። ፀሐይ የለም። የፀጉር ማድረቂያ ሞከርኩ። ስኳሩ ግድግዳ ላይ ሄደ።

እማዬ ካጠራቀመችው ጠበል ሊጡ ውስጥ ጠብ አደረገችና እንጀራ ልትጋግር ተቀመጠች። ስትጨርስ ምጣዱን ነቀለች። ወደ ትሪዎቹ አይታ "እዚህ ላይ አድርጊያቸው፤ ለምን ትጨነቂያለሽ?" አለች።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላ ከተነቀለ በኋላም ለረጅም ሰዓት ይሞቃል። መጀመሪያ እጅ እስኪችለው ጠበቅን። የመጋገሪያ ወረቀት አነጠፍኩ፣ ስኳሩን በስሱ በተንኩ፣ አክንባሎውን ክፍት ተውኩ። በየአሥር ደቂቃው በማንኪያ አገላበጥኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀይ ስሩ እንደ አሸዋ ተበታተነ። ቀለሙ አልተነካም። ከርከዴውን በጣቴ ፈርፍሬ እንደገና ነፋሁት።

ወዲያው ብልቃጥ፣ ክዳን፣ ጨለማ ቁም ሳጥን። ዛሬ ማንም እንዳይከፍት አውጃለሁ።

ጳጉሜ 4

የብርጭቆ አፍ። ስድስት ብርጭቆ፣ ሦስት ዓይነት ማጣበቂያ።

በሎሚ ጭማቂ የነከርኩት ቶሎ ያዘ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን ቀለሙ በብርጭቆው ጎን ቁልቁል ወረደ። ያለቀሰች ሙሽራ ኩል ይመስላል። ያው ውሃው ነው። በሽሮፕ የነከርኩት ተሻለ። በማር የቀባሁት ግን በጣም ያዘ። ማሩን ሳህኑን ሙቅ ውሃ ላይ አስቀምጬ አቀጠንኩት፤ ውሃ አልጨመርኩበትም።

ዘዴው፦ ማሩን በጣት፣ በውጭ በኩል ብቻ፣ ግማሽ የጣት ጥፍር በምታህል ስፋት። ውስጥ ከገባ ስኳሩ መጠጡ ውስጥ ይወድቃል። ብርጭቆውን ጎን አስተኝቶ ሳህን ላይ ያለው ስኳር ላይ ማንከባለል፤ መድፋትና መጫን አይደለም። ከዚያ ለጥቂት ሰዓት መተው ነው። ማሩ ከስኳሩ ጋር ይጠነክራል።

አንድ ብርጭቆ ፍሪጅ አስገብቼ አወጣሁ። አላበው፤ ላቡ ስኳሩን ይዞ ወረደ። እንግዲህ የሚቀዘቅዘው መጠጡ ነው፤ ብርጭቆው ውጭ ይቆማል።

ጥንዶቹንም ወሰንኩ። ብርዝ ከቢጫው፣ የአቮካዶ ጁስ ከከርከዴው፣ የሎሚ ጁስ ከአረንጓዴው። ብርዙ ላይ ቢጫው ማር በማር ነው፤ ብዙ ሰው ጌጡን ላያየው ይችላል። ለራሴ ደስ ስላለኝ ነው። አቮካዶው ላይ ግን ቀዩ ይጮሃል። ጁስ ቤቶች ለምን ቪምቶ እንደሚያፈሱበት ገባኝ፤ ወፍራምና ቅባታም ነገር ኮምጣጣ ይፈልጋል።

ጳጉሜ 5

ቦምቦሊኖ። ሊጡን ለነገ አቡክቼ አሳደርኩ፤ ዛሬ አሥር ብቻ ለሙከራ ጠበስኩ።

ሁሉም ነገር ሰዓቱ ነው። ከዘይት እንደወጣ ስኳር ላይ ብታንከባልሉት እንፋሎቱ ስኳሩን ያቀልጠዋል። ከቀዘቀዘ ደግሞ አይዝም። ወረቀት ላይ አንጠፍጥፌ ወደ ሁለት ደቂቃ ስጠብቅ፣ ላዩ ቅባት ሆኖ ግን እንፋሎቱ በረድ ሲል፣ እንደ ቬልቬት ለበሰ።

ያልጠበቅኩት የእርዱን ነው። ቢጫው ቦምቦሊኖው ላይ ሲያርፍ ደመቀ። ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ይበልጥ። የእርድ ቀለም ዘይት ይወዳል ብዬ ራሴ ጽፌያለሁ እኮ፤ ዘይቱን አግኝቶ ተለቀቀ። የቀይ ስሩ በተቃራኒው ቅንጣቷ ላይ ቁጭ አለ፣ ወደ ሊጡ አልፈሰሰም። ቢጫውና ሮዙ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የተቀባ፣ አንዱ የተነሰነሰ ይመስላሉ።

ልጄ የመስኮቷን ብልቃጥ አመጣች። በመንገዱ በኩል ያለው ፊቱ ነጥቷል፣ በክፍሉ በኩል ያለው ቢጫ ነው። በሳምንት፣ ያውም በክረምት ፀሐይ። "ግማሹን ማን በላው?" አለችኝ። ብርሃን ነው አልኳት። ለጓደኞቿ ልታሳይ ወሰደችው።

መስከረም 1

በጠዋት ለእንቁጣጣሽ እየዞሩ የሚዘፍኑ ልጃገረዶች በር ላይ መጡ። ከብሩ ጋር ቢጫ ቦምቦሊኖ ሰጠኋቸው። አንዷ አደይዋን ከቦምቦሊኖው ጋር አስጠጋችና "አንድ ነው!" ብላ ለሌሎቹ አሳየች። ለእኔ በዓሉ እዚያ ላይ አለቀ።

ከሰዓት ሃያ አራት ብርጭቆ ወጣ። ልጆቹ የብርጭቆውን አፍ ዞረው ዞረው ላሱና መጠጡን ጠረጴዛ ላይ ተዉት። አጎቴ ብርዛቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ጠጡ፤ "ብርጭቆው አሸዋ ነበረበት" አሉ። የከርከዴው ብልቃጥ ባዶ ሆነ። ቀይ ስሩ ግማሽ አለ። አረንጓዴውን ከብስኩቱ ላይ የበላው የለም ማለት ይቻላል፤ ትልልቆቹ ጠርገው፣ ትንንሾቹ ሸሽተው።

ማታ እንግዳ ሲሸኝ ቡና ተፈላ። ስኳር አልቆ ነበር። እማዬ ቁም ሳጥኑን ከፍታ የቢጫውን ብልቃጥ አወጣች፣ መዳፏ ላይ በተን አድርጋ አየችው፣ ሁለት ማንኪያ ሲኒዋ ውስጥ ጨመረች። ቀመሰች።

"እርድ እርድ ይላል" አለች። "አረቄው ግን የለም።"

ለከርሞ፦ የሚዘፈዘፈው እርድ ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።